ቦራ ስትገፋ

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ፣ ንፍሮ የዘገኑበትን እጅ ወደ አፋቸው ሳያደርሱ።

ከድንኳኑ ጀርባ፣ ጋራዡ ካለበት በኩል፣ መዶሻ ብረት ይመታል። ጥቂት መታ መታ ያደርግና ያቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ቀና ቀና ብሎ ተያየ። ሾፌሩ ስማቸው ከተቀበረ ገና ሰልስቱ እንኳ አልወጣም። በዚያ ሰፈር ደግሞ ድንኳን በተተከለበት ግቢ እንጨት አይፈለጥም፤ ለንፍሮው የሚነደውን ማገዶ ሴቶቹ ጎረቤት ቤት አስፈልጠው ነው በእቅፍ የሚያመጡት።

«ቢያዝን ነው» አለች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«የሟች ወንድም?»

«የሟች ወንድም እንጂ! መኪናዋን ሊሸጣት ቸኩሎ ነዋ።»

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እጁ ሥራ ስለሚፈታ ነው መሰል ወሬ ይበረታለታል። ንፍሮው አንድ ዙር ሳይዳረስ ቦራ ተሸጣ፣ ገዥውም ታውቆ፣ ከየጥኖራ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ነው ተብሎ ነበር።

ቢያዝን ድምፁ ድንኳኑ እንደሚደርስ ያውቃል። ጥቁር ሸሚዙን እንደለበሰ በጀርባው ተኝቶ ከቦራ ሆድ ሥር ነው። ቦራ የስማቸው አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ በፊትም በኋላም ጎማዋ የምትጎትት፣ ጭቃ የማትፈራ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ስትሆን ኮፈኗ ብቻ ነጭ ነው፤ አንድ ክረምት ከወፍጮ ቤት ግድግዳ ጋር ተላትማ የተገኘላት መለወጫ ነጭ ብቻ ነበር። ግንባረ ነጭ ፈረስ ቦራ ይባል የለ፣ የቢቸና ሰው በማግስቱ ስም አወጣላት።

የሚመታው ሻንሲዋን ነው። ሻንሲ የመኪና አጽም ነው፤ ሞተሩም፣ ጋቢናውም፣ ጭነቱም የሚያርፈው በእነዚያ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ላይ ነው። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮሃል። ውስጥ ውስጡን ዝገት የበላው ግን ድምፁ ይታፈናል። ቢያዝን ከፊት ጀምሮ እየመታ፣ እያዳመጠ፣ በታፈነበት ቦታ በጠመኔ እያሰመረ ወደ ኋላ መጣ። ጭነቱን የሚያነጥረው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር ከሚታሰርበት በላይ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ካቻቢቴ አንሥቶ ገፋ ሲያደርገው ብረቱን በስቶ ገባ።

«አየህ? አላልኩህም?» አለ። ለማን እንደተናገረ ያስተዋለው ካለው በኋላ ነው። መዶሻውን ደረቱ ላይ አስቀመጠና እዚያው እንደተኛ አለቀሰ።

የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከዘራ ከጎማው አጠገብ መሬቱን ቆረቆረ። «ቢያዝን፣ እስቲ ውጣ ከዚያ።»

ወጣ። ከእሳቸው ጋር የሟች ሚስት ሙሉዬ ቆማለች፤ ፊቷ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«ልጄ፣ አልፈርድብህም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ወግ አለ። ሰው ምን ይላል?»

«እናቴን ማን ያመጣታል ጋሼ?»

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው አዩ። ሁሉም የሚሸሸው ነገር ይህ ነበር። የስማቸውና የቢያዝን እናት እማማ አስናቀች ሞጣ ናቸው፤ የልጃቸውን ሞት አልሰሙም። ቀብሩ በድንገት ሆነ። መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ነበር። ዘመድ መክሮ መርዶው እስኪነገር ድረስ ይደበቅ ተባለ።

«ሚኒባስ እንከራያለን» አሉ።

«ከወደቀች ወዲህ ጉልበቷ እንደማይታጠፍ እርስዎም ያውቃሉ። እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥባት መኪና ቦራ ብቻ ናት። ወንበሩን ወደ ኋላ አስኪዶ ያበጀላት እሱ ነው።»

«እንግዲያ ነግረናት እዚያው ታልቅስ። እስከ አርባው ሌላ መላ ይፈለጋል።»

«ሳትቀብረው ቀረች። መቃብሩንም ሳታይ?» አለ ቢያዝን።

ሽማግሌው ወደ ሙሉዬ ዞሩ። እሷ ግን የምታየው የቦራን ሆድ ነበር።

«ተዉት ጋሼ፣ ይምታ» አለች። «ስማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እንቅልፍ የሚወስደው ይህን ድምፅ እየሰማ ነበር። ለሰዉ እኔ እነግረዋለሁ።» ከዚያ ቢያዝንን አየችው። «አንተ ብቻ አጥብቀህ ሥራት።»

እንዲያ ስትለው ቢያዝን አንገቱን ደፋ። ስማቸውም የዛሬ ሁለት ወር እዚሁ ቦታ ቆሞ ነበር፤ እሱ ግን የለመነው ሌላ ነው።

«ላሜራ ደርብበትና በይድልኝ» ነበር ያለው፣ የቦራን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። «እማዬን ካየኋት ሰነበትኩ።»

«በበሰበሰ ብረት ላይ ላሜራ አልደርብም።»

«ምነው? መንገድ ላይ ለሁለት እንዳትከፈል ፈርተህ?»

«አዎ! እናቴን ጭነህ ስትሄድ ለሁለት እንዳትከፈል። የበሰበሰውን ቆርጬ ማውጣት አለብኝ። አራግፌ፣ ፍቄ፣ ሁሉን አይቼ።»

ስማቸው ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው። «አይ ቢያ፣ አንተ ሐኪም ብትሆን ኖሮ ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ሆዱን ትቀድደው ነበር» አለና ቁልፉን ወረወረለት። «በል ጨርስና ጥራኝ።»

ቢያዝን የጭነት ሳጥኗን አወረደ፣ በብረት ድጋፍ ላይ አቆማት፤ ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ። የአንዱ አይሱዙ ተገለበጠ፣ የወረዳው መኪና መጣ፣ የሰርግ ሰሞን ሆነ። የባዕድ ሥራ ቀጠሮ አለው፤ የወንድም ሥራ ግን «ነገ» ይባላል። ስማቸው በየጠዋቱ በጋራዡ በር ብቅ እያለ «ዛሬስ ሕመምተኛዬ እንዴት አደረች?» ይላል። አንድ ቀን ጠዋት ብቅ አላለም። የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ዘንበል ብሎ ቀርቶ ነበር።

ቢያዝንን የሚበላው ይኸው ነው። ቶሎ ቢሠራት ኖሮ እናትና ልጅ ይተያዩ ነበር።

በሰልስቱ ማግስት የሞጣ ነጋዴዎች ተሰብስበው ለቅሶ ደረሱ። ከፊት የመጣው አብዱሰመድ ነበር፤ የእማማ አስናቀች ጎረቤት፣ አባቱም አያቱም ሞጣ ላይ ጨው የነገዱ፣ የስማቸው የሃያ ዓመት ወዳጅ። ድንኳኑ ውስጥ ከሰዉ ጋር ተላቀሰ። ትንሽ ተቀምጦ ወደ ጋራዡ መጣና ቢያዝንን አቀፈው።

«እማዬስ?» አለ ቢያዝን።

«ሚስቴ ዘይዳ ከአጠገባቸው አልተለየችም። ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት በዚያ መንገድ ካየች፣ ጮኻ እንዳታሰማቸው ሮጣ በሌላ በኩል ትመልሳለች። ትናንት አንዷን ብትመልሳት ለካ የራሷ ለቅሶ ላይ የምትሄድ ናት፤ ተጣሉ።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ግን በየቀኑ ይጠይቃሉ። ‹ቦራ ዳነች ወይ?› ነው የሚሉኝ። ‹እየተበየደች ነው› እላቸዋለሁ። እሱ እንኳ ውሸት አይደለም።»

አብዱሰመድ ጎንበስ ብሎ የተፋቀውን ብረት አየ። በጠመኔ በተሰመረው ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄ የኔ ጨው ነው አይደል?»

«ጨውም ነው፣ ጭቃም ነው፣ ዕድሜም ነው።»

«የኔ ጨው ነው» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሲጭንልኝ ጆንያው ያንጠባጥብ ነበር። ‹ሸራ አንጥፍ› ስለው ‹ለቦራ ጨው አትንፈጋት፣ ከብት ጨው ይወድዳል› ይለኝ ነበር።»

ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሲባጎ ያዘለት። ሻንሲው የተጣመመ እንደሆነ ለማወቅ ከፊት ቀኝ ማዕዘን ወደ ኋላ ግራ፣ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ሲባጎ ይወጠራል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ብረቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። በአንዱ ጫፍ ቢያዝን፣ በሌላው አብዱሰመድ ሆነው ወጠሩት። እኩል ነበር።

«አልተጣመመችም» አለ ቢያዝን።

«እንዴት ትጣመማለች? የማን ሆና!» አብዱሰመድ ሲባጎውን እየጠቀለለ የቆየ ነገር ትዝ አለው። «አባቴ የሞቱ ቀን ታስታውሳለህ?»

ቢያዝን ያስታውሳል፤ ሞጣ ላይ ያላወራው የለም። ስማቸው አንድ የራሱ ሕግ ነበረው። ለቅሶ ቤት ፊት ሞተር አያስጮህም። ድንኳን ካየ፣ የሚያውቀው ሰው ቤት ሆነ አልሆነ፣ ሞተሩን ያጠፋል። ቁልቁለት ከሆነ ዝም ብላ ትንሸራተታለች። ሜዳ ከሆነ ግን የተሳፈረው ሁሉ ወርዶ ይገፋል። ስንቱ ነጋዴ በዚህ ምክንያት አኩርፎ ሌላ መኪና ፈልጓል!

«ጨው ጭኖ ሲመጣ የኛን ድንኳን ከሩቅ አየ» አለ አብዱሰመድ። «ሙሉ ጭነት ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። አጠፋት። ሰዉን አስወርዶ እየገፋ መጣ፤ እኔ ደጅ ቆሜ አየዋለሁ። እማማ አስናቀች ጋቢና ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ‹ግፉ እንጂ! ምነው፣ እህል አልበላችሁም?› እያሉ ይጮሃሉ። ያን ቀን በአባቴ ሞት ስቄ አለቀስኩ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሙሉዬ ሻይ ይዛ ስትመጣ ሲስቁ አገኘቻቸውና እሷም፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአፍንጫዋ ሳቅ አመለጣት።

አብዱሰመድ ሲሄድ ሙሉዬ ብርጭቆውን ለመሰብሰብ ቆየች።

«አንድ ነገር ልንገርህ ቢያዝን። ፊትህን እያየሁ ነው።»

«ምን?»

«ቦራ እዚህ በቆመችበት ሁለት ወር ስማቸው ቤት ዋለ። አጥር አጠረ፣ ከኔ ጋር ሽንኩርት ላጠ፣ ከሰዓት ተኛ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ ሆኖ አግኝቼው አላውቅም። አንድ ቀን ‹ቢያ ጨርሷት ይሆን እንዴ? ሄጄ ልየው ወይስ ልተኛ?› አለኝ። ‹ተኛ› አልኩት፤ ተኛ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ያን ሁለት ወር ከእናትህ ወስደህባት እንደሆነ፣ የተቀበልኩህ እኔ ነኝ። ለብቻህ አትሸከመው።»

ቢያዝን የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አነሣና መብራት መኖሩን አየ።

በዚያ ሰሞን መብራትም እንደ መንገዱ ነበር። ሲመጣ ቢያዝን በያጅ ነው፤ ሲሄድ እጁን ታጥቦ ድንኳን ገብቶ ለቀስተኛ ይሆናል። የበሰበሰውን ብረት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ አወጣ። ከውስጡ የደረቀ ጭቃ በእፍኝ በእፍኝ ወረደ፤ የደብረ ወርቅ ቀይ አፈር፣ የሞጣ ጥቁር አፈር፣ ስማቸው የረገጠው መንገድ ሁሉ። ቢያዝን መጥረጊያ አላነሣም። አፈሩን በላስቲክ ሰበሰበው።

በባዶው ቦታ ወፍራም ላሜራ ለክቶ ቆረጠ፤ ጫናው አንድ መስመር ላይ እንዳያርፍ የላሜራውን ጫፍ ሰያፍ አደረገው። ሙቀቱ ብረቱን እንዳያጣምመው እዚህ ትንሽ በይዶ፣ አብርዶ፣ እዚያ ትንሽ ይበይዳል። ብልጭታው የድንኳኑን ሸራ እየደጋገመ ሲያበራው ሰዉ መልመዱን ጀመረ። ሸጣት ያሉት ሴቶች «ይጨርስላት ይሆን ለእናቱ?» እያሉ መጨነቅ ያዙ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስም መብራት በጠፋ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው «አይ እንግዲህ!» ብለው ያማርሩ ጀመር።

ብየዳው ሲያልቅ ዳር እስከ ዳር በመዶሻ መታው። ጮኸ። የዝገት መከላከያውን ቀባ፣ የጭነት ሳጥኗን መለሰ። አንድ ነገር ብቻ ሳይነካ ተወ፤ የጭስ ማውጫዋን ቀዳዳ። ቦራን ከሌላ መኪና የሚለያት በዚያ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ ነው። ደፍኖት ቢሆን ወንድሙን ዳግመኛ የቀበረው ይመስለው ነበር።

ቢያዝን፣ ሙሉዬና ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከሁለት ዘመዶች ጋር ወደ ሞጣ ተነሡ። መርዶ የሚነገረው በጠዋት ስለሆነ ደብረ ወርቅ ዘመድ ቤት አድረው ማለዳ ቀጠሉ። የሐዘን ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው የአዘቦት ልብስ ለብሰዋል። ቦራ ጉድጓዱን ሁሉ እየዋጠች ሄደች፤ ከኋላ እንደ ድሮው የሚንቋቋ ነገር የለም። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ለእናትየው የሚናገሩትን ቃል በከንፈራቸው ያጠናሉ።

ሞጣ መግቢያ ላይ አብዱሰመድ መንገዱ መሃል ቆሞ ሁለት እጁን አወናጨፈ።

«አጥፋት! አጥፋት ቢያዝን!»

አጠፋት። «ምን ሆነ?»

«እማማ ደጅ ተቀምጠዋል። ድምፅዋን ከሰሙ ስማቸው መጣ ብለው እልል ሊሉ ነው። እልል ባሉበት አፍ መርዶ እንዴት ይሰማሉ? ይሞቱብናል!»

ቢያዝን መሪውን እንደያዘ ደነዘዘ። ብረት ሲመታ፣ ሲቆርጥ፣ ሲበይድ ሰንብቶ ይህን አላሰበውም። እናቱ ዓይናቸው ከጥላና ከብርሃን በቀር አይለይም፤ ልጃቸውን የሚያውቁት በዚያ በቀዳዳው ድምፅ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንግፋት» አለ አብዱሰመድ። «ቀስ ብለን ደጃፋቸው እናድርሳት። ከዚያ ጋሼ ገብተው በወጉ ይነግሯቸዋል።»

ሌላ መላ የመጣለት አልነበረም። ሁሉም ወረዱ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከዘራቸውን ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው በጭነት ሳጥኑ ላይ ተደገፉ፤ ሙሉዬ ጫማዋን አውልቃ ገፋች። ቢያዝን በተከፈተው በር በኩል አንድ እጁን መሪ ላይ አድርጎ በትከሻው ይገፋል። ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች አዩዋቸውና ነገሩ የገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚሰማው የጎማው ኮረኮንች መፍጨትና የሰዉ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

እማማ አስናቀች ከበራቸው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የአብዱሰመድ ሚስት ዘይዳ እጃቸውን ይዛለች። ቦራ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት አሮጊቷ አንገታቸውን አቀኑ።

«ማነው?»

ቢያዝን ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፍሬኑን ያዘ፣ በሩንም ቀስ ብሎ ገጠመው።

«ጎማ ሰማሁ። ሰውም ያለከልካል።» ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዘይዳ ልትይዛቸው ብትል እጇን ገፉት። አንድ እጃቸውን ከፊት ዘርግተው መጡና ኮፈኑን ነኩ። ጣታቸው የኮፈኑን ጠርዝ ተከትሎ ሄደ፤ ፊታቸው በራ።

«ቦራ ናት! ዳነች እንዴ?»

ሙሉዬ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። አሮጊቷ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ እንዳሳረፉ ቆዩ። ብርሃኑ ከፊታቸው ቀስ እያለ ለቀቀ።

«ትኩስ ናት» አሉ። «ሞተሯ ሲሠራ ነበር። ተበላሽታ አይደለም የገፋችኋት።»

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መንገድ ሙሉ ያጠኑት ቃል ጠፋቸው።

«ስማቸው የሚያስገፋት ለቅሶ ቤት ፊት ነው» አሉ እማማ አስናቀች። «ዘይዳ፣ ከጎረቤት ማን ሞተ?»

ዘይዳ ፊቷን አዞረች። አሮጊቷ መልሱን አልጠበቁም። በመኪናዋ ጎን እየዳበሱ ወደ ሾፌሩ በር መጡ፣ በመስኮቱ እጃቸውን አስገቡ፣ መሪው ላይ ያለውን እጅ አገኙት። ብየዳ ያቃጠለውን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ቢያዝን።»

«አቤት እማዬ።»

«አንተ ነህ የያዝካት?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

እጁን ለቀቁ። ሰው ሁሉ ጩኸታቸውን ጠበቀ፤ ዘይዳም ልትደግፋቸው ተጠጋች። እማማ አስናቀች ግን ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው የቦራን በር ሁለት ጊዜ መቱ፤ ልጃቸውን ስማቸውን ወደ ቢቸና ሲሸኙት ሁልጊዜ ያደርጉት እንደነበረው ነው፤ እሱም ያን ሳይሰማ ማርሽ አያስገባም ነበር።